ባልና ሚስት ሲማሩ፤ ስጦታ ነው ወይስ ብድር?

ዕውቀት መፈለግ በእያንዳንዱ ሙስሊም ላይ ግዴታ መሆኑን ያልሰማ የዚህ ገጽ አንባቢ ይኖራል ብዬ አልገምትም። በኹጥባ ተነግሮናል፣ በደርስ ተደጋግሞልናል፣ ከልጅነታችን ጀምሮም ከወላጆቻችን አንደበት ሰምተነዋል። ከዚህ ቀጥሎ መምጣት የነበረበት ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ ሲነሳ አላጋጠመኝም። ይኸውም፣ የመማር ፍላጎቱ በባልም በሚስትም ልብ ውስጥ ካለ፣ ጎጆው ግን አንድ፣ ገቢው ጠባብ፣ ምሽቱ አጭር፣ ልጆቹም ትናንሾች ከሆኑ ማን ይማራል? ማንስ ይቀራል? የቀረው ሰው የከፈለው ዋጋስ ምን ተብሎ ይጠራል? ስጦታ ነው ወይስ ብድር?

በቅድሚያ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። የሒሳብ አያያዝ ወይም የነርስነት ትምህርት በዚያ በሐዲሱ በተጠቀሰው ግዴታ ውስጥ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን ለዑለሞች እተወዋለሁ። እኔ የማነሳው ከዚያ በታች ያለውን የቤት ውስጥ ሐቅ ነው። ሐላል እንጀራ ለማግኘትም ሆነ አእምሮን ለማስፋት ብሎ በጎልማሳነቱ ወደ ትምህርት ገበታ የሚመለስ ሰው፣ ሲመለስ ብቻውን አይደለም። ከጀርባው የሚሸከመው ሰው አለ። ስለ ተማሪው ብዙ ተብሏል፤ ስለ ተሸካሚው ግን ጥቂት ነው የተባለው።

እኔና ባለቤቴ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ኮሌጅ የሒሳብ አያያዝ ተማሪዎች ነን። እኔ አርባ ሦስት ዓመቴ ነው፤ በመኪና መለዋወጫ መደብር ውስጥ በሽያጭ እሠራለሁ። እሷ ከእኔ በአምስት ዓመት ታንሳለች፤ በጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ውስጥ ትሠራለች። ሦስት ልጆች አሉን። እኔ በማታው ክፍል ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከ11፡30 እስከ 2፡30 ሰዓት እማራለሁ። እሷ ደግሞ በቅዳሜና እሁዱ ክፍል ተመዝግባለች። የምንወስደው ኮርስ አንድ ነው፤ የምንፈተነውም በተቀራራቢ ቀን ነው። ከመመዝገባችን በፊት ግን እንደ ብዙ ሰው ሁሉ ለኛም አንድ ምክር ተሰጥቶን ነበር። «አንዳችሁ ቅደሙ፣ ሌላችሁ ተከተሉ» የሚል ነበር።

ይህ ምክር ለጆሮ የሚጥም ነው። ወጪው በግማሽ ይቀንሳል፣ ልጆቹም ጠባቂ አያጡም። ነገር ግን በሠፈራችንና በመሥሪያ ቤቶቻችን ያሉትን ባለትዳሮች እስቲ ልብ ብለን እንቁጠር። ባል ቀድሞ ተማረ፤ ሚስት ደመወዟን ለቤት ኪራይና ለአስቤዛ አዋለች፤ ጥናቱን እንዳይረብሹት ልጆቹን ጓሮ ይዛ አመሸች። እሱ ሲመረቅ ተራው የእሷ ነበር። በዚያው ዓመት ግን ሦስተኛው ልጅ ተወለደ። በቀጣዩ ዓመት የቤት ኪራዩ ጨመረ። ከዚያ በኋላ አባቱ ታመሙ። ከዚያም «አሁንማ ዕድሜዬ ሄደ፣ ለልጆቹ ይሁንላቸው» አለችና ነገሩ በዚያው ተዘጋ። ተገልብጦ ሚስት ቀድማ ባል የቀረበት ቤትም አለ። በዚህ ሁሉ መካከል የዋሸ ሰው የለም። ቃሉን ሆን ብሎ ያጠፈ የለም። ተራው ግን አልደረሰም። ማንም ሳይበድል አንድ ሰው የተበደለበት ጉዳይ ማለት ይህ ነው።

ነገሩን የሚያከብደው ደግሞ የተገኘው ሀብት ዓይነት ነው። በ1992 (እ.ኢ.አ.) የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 213፣ ባልና ሚስት በየግል ጥረታቸው የሚያገኙት ገቢ የጋራ ሀብታቸው እንደሆነ ይደነግጋል። ቤት የጋራ ሊሆን ይችላል፤ መኪናም እንደዚሁ። ዲግሪ ግን በአንድ ሰው ስም የሚጻፍ፣ በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ የሚቀመጥ ነገር ነው። ሁለት ሰዎች ዘርተውት አንድ ሰው ብቻ የሚሸከመው አዝመራ ነው። ደመወዙ የጋራ ሊሆን ይችላል። ማዕረጉ፣ በሰው ፊት መናገሩ፣ «የገባው ሰው» ተብሎ መከበሩ ግን ለሁለት አይከፈልም።

በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ የቱ እንደሆነ አንባቢያን ታውቃላችሁ። በሱረቱል በቀራህ 282ኛው አንቀጽ ነው፤ የሚናገረውም ስለ ዕዳ አጻጻፍ ነው። አላህ (ሱ.ወ.) ትንሽም ይሁን ትልቅ ዕዳን እስከ ጊዜው ድረስ ጽፎ ለማኖር እንዳንሰለች አዞናል። እኛም ለጎረቤት ያበደርነውን አምስት መቶ ብር ደብተር ላይ እናሰፍራለን። አንድ ሰው ለትዳር ጓደኛው የሰጠውን አራትና አምስት ዓመት ግን የትም አናሰፍረውም። የሒሳብ አያያዝ መምህራችን በመጀመሪያው ቀን የነገሩን ነገር፣ እያንዳንዱ መዝገብ ሁለት ጎን እንዳለውና በአንዱ የገባው በሌላው መታየት እንዳለበት ነው። በብዙ ቤቶች ውስጥ የትምህርቱ መዝገብ አንድ ጎን ብቻ ነው ያለው። የተመራቂው ፎቶግራፍ ግድግዳ ላይ አለ፤ ሌላው ጎን ባዶ ነው።

እዚህ ላይ «በባልና ሚስት መካከል ደግሞ ምን ሒሳብ አለ? ፍቅር ያለበት ቤት ዕዳ አይቆጠርም» የሚል ወንድም አይጠፋም። አባባሉ ግማሽ እውነት አለው። በሰሒሕ ሐዲስ እንደተዘገበው የዐብዱላህ ኢብን መስዑድ ባለቤት ዘይነብ (ረ.ዐ.) ከራሷ ገንዘብ ለባሏና ለምታሳድጋቸው የቲሞች የምታወጣው ይቆጠርላት እንደሆነ በቢላል (ረ.ዐ.) በኩል ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) አስጠይቃ ነበር። የተሰጣት መልስ ሁለት ምንዳ እንዳላት ነው፤ አንዱ የዝምድና፣ ሌላው የሰደቃ። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ቤቱን የመቀለብ ግዴታ የወንዱ ነው። ሚስት ደመወዟን ለባሏ ትምህርት ስታወጣ ያልተጣለባትን ነው የምታደርገው። ለእሷ ይህ ምንዳ ነው። ለተቀበለው ሰውስ ምንድን ነው?

መልሴ እንዲህ ነው። አንዱ ነገር ከሁለት ወገን ሲታይ ሁለት ስም ሊኖረው ይችላል። የሰጠ ሰው ስጦታ ይበለው፤ የተቀበለ ሰው ግን ብድር ይቁጠረው። ሰጪው ብድር ብሎ ከያዘው ቤቱ ገበያ ይሆናል፤ በየማለዳው «ባላስተምርህ ኖሮ» የሚል ቃል ይሰማበታል፤ መመጻደቅም ምጽዋትን እንደሚያበላሽ በቁርኣን ተነግሮናል። ተቀባዩ ደግሞ ስጦታ ነው ብሎ ከተቀመጠ፣ ሳይታወቀው የሰው ዕድሜ በልቶ እጁን ይጠርጋል። ፍቅር ያለበት ቤት ዕዳ አይቆጠርም የሚለው አነጋገር ከሰጪው አፍ ሲወጣ ያማረ ነው። ከተቀባዩ አፍ ሲወጣ ግን ከዕዳ ማምለጫ ነው። ቃሉ አንድ ሆኖ ተናጋሪው ሲለወጥ ፍርዱም ይለወጣል።

ብድርም ሲመለስ እንዴት እንደሚመለስ ተምረናል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወጣት ግመል ተበድረው ሲመልሱ፣ ከወሰዱት የተሻለ ግመል እንዲሰጥ አዘዋል። በትዳር ውስጥ ያለው ብድርም እንደዚሁ ነው። ሦስት ምሽት የወሰደ ሰው አራት ምሽት ቢመልስ አይጎዳም።

ስለ ተራ ስናስብ ደግሞ ከዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) የምንማረው አለ። መዲና ውስጥ ከአንድ የአንሷር ጎረቤታቸው ጋር ሆነው ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘንድ በተራ ይሄዱ ነበር፤ አንድ ቀን አንደኛው፣ በማግስቱ ሌላው። ሁለቱም የኑሮ ጉዳይ ነበረባቸው። የሄደው ሰው ሲመለስ የሰማውን ሁሉ ለቀረው ይነግረው ነበር። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ነገር አስተውያለሁ። የመጀመሪያው ተራው አጭር መሆኑ ነው። የአምስት ዓመት ተራ አልነበረም፤ የአንድ ቀን ተራ ነበር። አጭር ተራ ይደርሳል፤ ረጅም ተራ ግን በመካከሉ ልደትና ሕመም፣ ኑሮና ሞት ይገባበታል። ሁለተኛው ደግሞ የሄደው ሰው ባዶ እጁን አለመመለሱ ነው። ዕውቀቱ የሄደው ሰው የግል ገንዘብ ሆኖ አልቀረም።

እኛም ማታና ቅዳሜ ብለን የተከፋፈልነው ይህንኑ አስበን ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ እኔ ስወጣ እሷ ከልጆቹ ጋር ትሆናለች፤ ቅዳሜና እሁድ እሷ ስትወጣ እኔ እሆናለሁ። መግሪብን ኮሌጁ ውስጥ በእረፍት ሰዓት ሰግጄ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ቤት ስደርስ ልጆቹ ተኝተዋል። ኢሻን ከሰገድኩ በኋላ ደብተሬን ዘርግቼ የዕለቱን ለእሷ አስረዳለሁ። እሁድ ማታ ደግሞ እሷ ታስረዳኛለች። ለማስረዳት ስሞክር ያልገባኝ ሁሉ ይገለጥብኛል፤ መምህሩ ፊት ገብቶኝ የመሰለኝ ነገር ባለቤቴ ፊት ብዙ ጊዜ ይፈርሳል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው የሚለው የአባቶች አነጋገር ለትምህርትም እንደሚሠራ ያየሁት በዚህ ነው።

ባለፈው ዓመት በሰኔ መጨረሻ በመደብራችን የዓመቱ የዕቃ ቆጠራ ነበር። ቆጠራው ቅዳሜና እሁድ ስለሚካሄድ ለሚገባ ሰው ደህና የትርፍ ሰዓት ክፍያ አለው። የባለቤቴ የማጠቃለያ ፈተና ደግሞ በዚያው ቅዳሜ ነበር። ቆጠራውን ለሌላ ባልደረባ ትቼ ቤት ቀረሁ። ማታ ስትመለስ «የዚህ ዕዳ አለብኝ» አለችኝ። «ዕዳ የለብሽም፣ ስጦታ ነው» አልኳት። «አንተ ስጦታ በለው፣ እኔ ግን ጽፌዋለሁ» ብላ ሳቀች። ከላይ ያልኩትን ሁሉ ከዚህ በተሻለ ማጠቃለል አልችልም። ሁለታችንም የየራሳችንን ትክክለኛ ቃል ነው የተናገርነው። ቃሉን ተለዋውጠነው ቢሆን ኖሮ፣ እኔ «ዕዳ አለብሽ» እሷም «የለብኝም» ብትል ኖሮ፣ ያው ቅዳሜ የጠብ ምክንያት ይሆን ነበር።

አብሮ መማር ሌላም ፈተና አለው። ሚስት ከባል ስትበልጥ ምን ይሆናል? ባለቤቴ በኮስት አካውንቲንግ ከእኔ የተሻለ ውጤት አምጥታለች። ይህን የሰማ አንድ ባልደረባዬ «ታዲያ እንግዲህ ቤቱን ማን ያስተዳድረዋል?» ብሎ ቀልዶብኛል። ቀልዱን ወደድኩት፤ ከጀርባው ያለው ሐሳብ ግን መልስ ይፈልጋል። ከሐነፊ መዝሀብ ታላላቅ ፉቀሃእ አንዱ የሆኑት፣ በ587 ዓመተ ሒጅራ ሐለብ ውስጥ ያረፉት ዐላኡዲን አል-ካሳኒ፣ የመምህራቸውን የአስ-ሰመርቀንዲን ልጅ ፋጢማን ነበር ያገቡት። የመምህራቸውን «ቱሕፈቱል ፉቀሃእ» የተሰኘ ኪታብ ያብራሩበት «በዳኢዑስ ሰናኢዕ» የጋብቻቸው መህር እንደነበር ይነገራል። ፋጢማ ራሷ ፈቂህ ነበረች። ከቤታቸው የሚወጣው ፈትዋ የአባትን፣ የልጅንና የባልን ፊርማ ይይዝ እንደነበር፣ ባሏ በአንድ ጉዳይ ሲስቱም ታርማቸው እንደነበርና እሳቸውም ወደ እሷ ቃል ይመለሱ እንደነበር የዑለሞችን የሕይወት ታሪክ የጻፉ ሰዎች ዘግበዋል። የካሳኒ ክብር በዚህ አልቀነሰም። ይኸው ከ800 ዓመት በላይ አልፎ ኪታባቸው ዛሬም ይቀራል። በሚስቱ መታረምን የሚፈራ ሰው የሚፈራው ለዕውቀቱ ሳይሆን ለወንበሩ ነው።

ይሁንና «አብረን እንማራለን» የሚለው ቃል ራሱ ሽፋን የሚሆንበት ቤት አለ። ሁለቱም ተመዝግበዋል፤ ክፍያውም ተከፍሏል። ነገር ግን ውሃ በፈረቃ ሌሊት ሲመጣ ተነስቶ በርሜል የሚሞላው ማን ነው? የልጁን የቤት ሥራ የሚያየውስ? ሊጡን አቡክቶ፣ ምጣዱን አሙቆ እንጀራ የሚጋግረውስ? መልሱ ሁልጊዜ አንድ ሰው ከሆነ፣ አንዱ ተማሪ ነው፤ ሌላው ተማሪ የሚባል ሠራተኛ ነው። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በቤታቸው ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር ሲጠየቁ፣ ቤተሰባቸውን ያገለግሉ እንደነበርና የሶላት ሰዓት ሲደርስ እንደሚወጡ ተናግረዋል። በእኛ ቤት ምጣዱን ባለቤቴ ለማንም አትሰጥም፤ እጄን አታምነውም። ውሃውና ዕቃ አጠባው፣ የልጆቹም ገላ የእኔ ነው። የትምህርት ክፍያ በብር ብቻ የሚከፈል የሚመስለው ሰው፣ ትልቁ ክፍያ በሰዓት እንደሚከፈል ልብ ይበል።

ከባልና ሚስት ውጭ ያለውን ሦስተኛውን ሰውም አንርሳ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሐምሌ 1971 (እ.ኢ.አ.) ሲታወጅ አባቴና እናቴ ወሎ ውስጥ አዲስ ተጋቢዎች ነበሩ። ዘመቻው ኋላ በ15 ቋንቋዎች የተካሄደ፣ ብዙ ጎልማሶችን ፊደል ያስቆጠረ ነበር። ሁለቱም በአንድ ጣቢያ፣ በአንድ ጣራ ሥር ማንበብና መጻፍ ተማሩ። ሊማሩ የቻሉት ግን ሴት አያቴ ታላቅ እህቴን አዝላ፣ ከብቱንም ከትታ ቤት ስለቀረች ነው። አያቴ ፊደል ሳትቆጥር ወደ አኼራ ሄደች። አባቴ ይህን ያውቅ ነበር። ደብዳቤ በመጣ ቁጥር በመጀመሪያ ለእሷ ነበር የሚያነበው፤ እስኪገባትም ይደግምላት ነበር። «ዓይኔ ያንተ ዓይን ነው» ትለው ነበር ይባላል። ያች ሴት ስጦታ ብላ ሰጠች፤ ልጇ ግን ብድር ብሎ ያዘው።

ዛሬ በከተማ ይህን ቦታ ብዙ ጊዜ የያዘችው ከገጠር መጥታ በየቤታችን የምትሠራ ልጅ ናት። ባልና ሚስት ዲግሪ ሲማሩ እሷ ልጅ ትይዛለች፤ የማታ ትምህርት እንዳትሄድ ግን ምሽቱ የእነሱ ነው። እኛ ጋ ያለችው ልጅ የሰባተኛ ክፍል የማታ ተማሪ ናት። እኔና ባለቤቴ ጊዜውን የተከፋፈልንበት ሌላው ምክንያት ይኸው ነው፤ በየምሽቱ አንዳችን ቤት ካለን እሷ መሄድ ትችላለች። በሌላ ሰው ድንቁርና ላይ የሚገነባ ዕውቀት በረካው ከየት ይመጣል?

ዘመዶቻችን ጭንቀታቸውን አልደበቁንም። አንዲት አክስቴ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንባችሁ፤ ልጆቹ ይበልጣሉ» ብለውናል። ምክራቸውን አከብራለሁ፤ ልጆች ከዲግሪ ይበልጣሉ። ነገር ግን ልጅ የሚማረው ከሚነገረው ይልቅ ከሚያየው ነው። አባቱ እናቱን «ይህ አልገባኝም፣ አስረጂኝ» ሲል የሚሰማ ልጅ፣ አለማወቅ ነውር እንዳልሆነና ዕውቀት ከማንም እንደሚወሰድ ያለ ሰባኪ ይማራል።

ሁሉም ቤት ግን እንደኛ ሊከፋፈል እንደማይችል አውቃለሁ። የሌሊት ተረኛ የሆነ አለ፤ ገንዘቡ ለአንድ ሰው እንኳ የማይበቃ አለ፤ አንዱ ቀድሞ ተምሮ ገቢውን ቢያሻሽል ለሁሉም የሚበጅበት ጊዜም አለ። ለእንደነዚህ ያሉ ቤተሰቦች «አትቅደሙ» አልልም። የምለው፣ የቀደመ ሰው ዕዳውን ሳይጠየቅ በአፉ ይናገር፤ በልጆቹና በሽማግሌ ፊት «ከዚህ ዓመት በኋላ ተራው የእሷ ነው» ወይም «የእሱ ነው» ይበል፤ ቢቻልም ይጻፈው። እስከዚያውም የተማረውን ለቀረው ሰው ያካፍል። ቀኑ የታወቀ ዕዳ ይከፈላል፤ «ኢንሻአላህ አንድ ቀን» የተባለ ዕዳ ግን ብዙ ጊዜ ተበድሎ ያድራል። ኢንሻአላህ ማለት የቁርጠኝነት ቃል ነበር፤ ማስተኛ እናድርገው እንዴ?

በመጪው ዓመት እኔና ባለቤቴ ኮርሶቻችንን እንጨርሳለን። ከ2015 (እ.ኢ.አ.) ጀምሮ በመላ አገሪቱ ተግባራዊ በሆነው ሥርዓት መሠረት የመጀመሪያ ዲግሪ ለማግኘት የመውጫ ፈተናውን ማለፍ ያስፈልጋል፤ ማለፊያውም 50 ከመቶ ነው። ፈተናው ባልና ሚስት መሆናችንን አይጠይቅም። ሁለታችንም ልናልፍ እንችላለን፤ አንዳችን ብቻም ልናልፍ እንችላለን። ይህ ሁለተኛው ከሆነ፣ ከላይ የተናገርኩት ሁሉ የሚመዘነው ያን ዕለት ነው። ያለፈው ሰው የምረቃውን ልብስ ከማሰፋቱ በፊት ደብተሩን ይዞ ከወደቀው ጎን ይቀመጣል ብለን ተስማምተናል። የወደቀው ደግሞ «አንተ ነህ» ወይም «አንቺ ነሽ ያስቀረሽኝ» እንዳይል ተስማምተናል። ይህን ስምምነት በባለቤቴ ጥያቄ ጽፈን፣ ሁለታችንም ፈርመን፣ ከልጆቹ የልደት ካርድ ጋር አስቀምጠነዋል።

ወላሁ አዕለም።